መዝገብ ምን ትወዳለች?

ካርድ ክፍሉ ሊዘጋ መሆኑን የሰማነው ሰኞ ጠዋት ነው። የሆስፒታሉ የአስተዳደር ኃላፊ ራሱ ወርዶ፣ በመደርደሪያዎቹ መሀል መንገድ እንደጠፋበት ሰው ወዲያ ወዲህ እያየ፣ "ከእንግዲህ የበሽተኛው ታሪክ በኮምፒውተር ነው የሚያዘው፤ ወረቀቱ ተጭኖ ይሄዳል። እናንተ ግን አትሄዱም፤ ለእያንዳንዳችሁ የሚስማማችሁ ሥራ ይፈለግላችኋል" አለን። አምስት ሴቶችና አንድ ወንድ ነበርን።  አንዷ ከመሰላሉ ላይ ሳትወርድ፣ "የሚስማማን ማለት ምን ማለት ነው?" ብላ ጠየቀችው። ኃላፊው ቀና ብሎ አያትና "እሱን የሥራ አማካሪ መጥታ ትነግራችኋለች" ብሎ ወጣ።

ጠያቂዋ መዝገብ ነበረች። መዝገብ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ እኛ የካርድ ክፍል ሰዎች ያወጣንላት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ክፍል ሠርታለች። አንድ በሽተኛ መስኮቷ ላይ መጥቶ "ቁጥሬን ረሳሁት" ካለ፣ ፊቱን አየት ታደርግና መሰላሏን ይዛ ትሄዳለች። ከሰባተኛው ረድፍ፣ ከላይኛው ጥግ፣ አቧራውን እፍ ብላ ታመጣለታለች። "ባለፈው ክረምት ሳል ይዞህ መጥተህ አልነበር? ያኔ ከእህትህ ጋር ነበርክ" ትለዋለች። ሰውየው አፉን እንደከፈተ ይቀራል።

እኔ ከእሷ ቀጥሎ ባለው መስኮት አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ። ስንት ጊዜ አብረን ምሳ በልተናል፣ ስንት ሰው አብረን አምተናል። ሥራውን ትወደው እንደሆነ ግን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚወድ ይመስለኝ ነበር።

አማካሪዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣች። ልጅ እግር ናት፤ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ አልረጋ እያለ በየደቂቃው በጣቷ ወደ ላይ ትገፋዋለች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው የስብሰባ ክፍል ተሰጣትና እኛን ስድስታችንን አስቀምጣ ቅጽ አደለችን። መቶ ሃያ ጥያቄ አለው። "የተበላሸ ዕቃ ፈትቶ መግጠም"፣ "ለማያውቁት ሰው መንገድ ማሳየት"፣ "ቁጥሮችን በየረድፋቸው ማስተካከል"፣ "ተክል መንከባከብ"፣ "በሰው ፊት ቆሞ መናገር"፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። በእያንዳንዱ ትይዩ ሦስት ሣጥን አለ፦ እወዳለሁ፣ አልወድም፣ ግድ የለኝም።

"ትክክልና ስህተት የሚባል መልስ የለም" አለችን። "ስለ ደመወዙም፣ ስለ ችሎታችሁም አታስቡ። የምትወዱትን ብቻ ምልክት አድርጉ። የሰው ዝንባሌ ከታወቀ የሚስማማው ሥራ አይጠፋም።"

የኔ ጉዳይ በአንድ ጠዋት አለቀ። አማካሪዋ መልሶቼን ደምራ በስድስት ዓምድ ስትስላቸው፣ "መረጃና ሥርዓት" የሚለው ብቻውን እንደ ጭስ ማውጫ ቆሞ ተገኘ። "እርስዎ ኮምፒውተሩ ጋ ነው ቦታዎ" አለችኝ። ደስ አለኝ። አንድ ሰው ስለ እኔ እርግጠኛ ሆኖ ሲናገር ያ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

የመዝገብ ወረቀት ላይ ግን ስድስቱም ዓምዶች እኩል ሆነው ተቀመጡ። አንዱ ከሌላው በጣት ውፍረት እንኳ አይበልጥም።

"እትዬ፣ ቅጹ ከብዶዎት ነው?" አለቻት አማካሪዋ።

"አይ ልጄ፣ ቀሎኛል።"

"ታዲያ ዘጠና ሰባቱ ላይ 'ግድ የለኝም' ብለዋል እኮ።"

"ግድ ስለሌለኝ ነዋ።" መዝገብ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። "ይኸውልሽ፣ 'ልብስ መስፋት' ይላል። ልብስ ከተቀደደ እሰፋለሁ፤ ካልተቀደደ አልሰፋም። እንግዲህ ይሄ መውደድ ነው አለመውደድ?"

አማካሪዋ እስክሪብቶዋን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። መነጽሯን ገፋች። "በትርፍ ጊዜዎ ምን ሲሠሩ ነው ደስ የሚልዎት?"

"ትርፍ ጊዜ?" አለች መዝገብ፣ የማታውቀው ከተማ ስም እንደጠሩባት። "እሱ እንኳ ብዙም አይመጣብኝ።"

እኔ ሳቄ መጣ። አማካሪዋም ልትስቅ ብላ የመዝገብን ፊት ስታይ ተወችው። መዝገብ እየቀለደች አልነበረም። ዓይኗ ቅጹ ላይ ተተክሎ፣ ከንፈሯ ትንሽ ተከፍቶ፣ ያልገባትን ቋንቋ እንደምታነብ ሰው ሆና ነበር።

"ቤት ይውሰዱትና ተረጋግተው ይሙሉት" ተባለችና ሌላ ባዶ ቅጽ ተሰጣት።

ቅጹ የተሞላው እሑድ ከምሳ በኋላ ቤቷ ሳሎን ውስጥ ነው። እኔም ነበርኩ። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ደንበኛ ሲያወራ ሲያወራ ስለሚውል ቤቱ ሲገባ የመናገር ተራው የሱ ይሆናል። አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው፤ የዚያን ዓመት ትምህርት ቤት ጨራሽ ናት። ባልየው ቅጹን ከእጇ ተቀብሎ እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ።

"ጥያቄ አሥራ አራት። ተክል መንከባከብ።"

"ትወዳለች" አለች ልጅቷ። "በረንዳ ላይ ያሉትን ማነው የሚያጠጣቸው?"

"ማጠጣትና መውደድ አንድ ነው እንዴ?" አለች መዝገብ።

"ካልወደድሻቸው ለምን ታጠጫቸዋለሽ?"

"እንዳይደርቁ!"

"በቃ፣ እንዳይደርቁ የሚፈልግ ሰው ይወዳቸዋል ማለት ነው" ብሎ ባልየው ፈረደና ምልክት አደረገ። "ጥያቄ አሥራ አምስት። የታመመ ሰው ማስታመም።"

"ትወዳለች!" አልን ሦስታችንም በአንድ አፍ።

መዝገብ እኔን ዘወር ብላ አየችኝ። "አንቺም?"

"እናቴ ታማ ተኝታ በነበረ ጊዜ በየቀኑ እየመጣሽ ትቀመጪ አልነበር?" አልኳት።

"አንቺ ብቻሽን ስለነበርሽ ነው የመጣሁት" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተከራከረችም። ባሏ እያነበበ፣ ልጇ እየመለሰች፣ እኔ እያጸደቅሁ መቶ ሃያውን ጨረስነው። ባልየው ወረቀቱን አጥፎ ሲሰጣት፣ "ይኸው፣ ራስሽን አገኘንልሽ" አላት። ሁላችንም ሳቅን። እሷም ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ግን ተሰብሳቢ መሀል ዘግይቶ የገባ እንግዳ ፈገግታ ነበር።

በማግሥቱ አብሬያት ገባሁ። አማካሪዋ ደምራ ስትስለው "ሰውን መርዳት" የሚለው ዓምድ ከወረቀቱ ሊወጣ ደረሰ። ደስ ሊላት ሲገባ ፊቷ ጨለም አለ።

"ይሄንን ማነው የሞላው?"

"አራት ሆነን" አለች መዝገብ። መዋሸት አትችልበትም።

"አራት?"

"ባሌ፣ ልጄ፣ ጓደኛዬ። እኔም ነበርኩ።"

አማካሪዋ ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገችው። "እንግዲያው ይሄ ሰዎች ስለ እርስዎ ያላቸው አስተያየት ነው። መጥፎ አይደለም፤ ጥሩ አስተያየት ነው ያላቸው።" እስክሪብቶዋን ከደነችና፣ "እኔ የተማርኩት ሰው ሁሉ የሚወደውን ያውቃል፤ የኛ ሥራ ሥራውን መፈለግ ብቻ ነው ተብሎ ነው" አለች። ግራ የገባት በመዝገብ ይሁን በራሷ አልለየሁም።

ቅጹ ተተወ። በምትኩ ሆስፒታሉ ውስጥ ሰው የሚፈልጉ ሦስት ቦታዎች ተመረጡና መዝገብ በእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ቀን እንድትሠራ ተወሰነ። አማካሪዋ ትንሽ ደብተር ሰጠቻት። "ስለ ምንም ነገር አይጻፉ" አለቻት። "ሰዓት ባዩ ቁጥር አንድ ጭረት ብቻ ያድርጉ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

መጀመሪያ የሄደችው ዋናው በር ላይ ወዳለው መረጃ መስጫ ነው። ያን ጠረጴዛ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ጠዋት ሰው ተደራርቦ፣ ዓይን ሐኪም የሚፈልገው ጥርስ ክፍል ተሰልፎ፣ ከሩቅ የመጣው ማንን እንደሚጠይቅ ጠፍቶት፣ አንዷ ስታለቅስ ሌላው ሲጮህ የሚውልበት ነው። መዝገብ በገባች ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሰልፉ አለቀ። አንዱን በስሙ ጠርታ፣ አንዷን እጇን ይዛ፣ የሚጮኸውን "አንተ ባለፈውም ጮኸህ ነበር፤ ያኔስ ምን ተጠቀምክ?" ብላ አስቃ ሸኘችው። ዘበኛው ሳይቀር "እስከ ዛሬ የት ተደብቀሽ ነው?" አላት። የአስተዳደር ኃላፊው ከፎቅ ወርዶ ዳር ቆሞ አያትና ራሱን እየነቀነቀ ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን ደብተሯን አሳየችኝ። በቀን ከአርባ በላይ ጭረት ነበር።

"ሰው ደስ ብሎት ሲሄድ ደስ አይልሽም?" አልኳት።

"ይለኛል። ግን እሱ ሲሄድ ደስታውን ይዞት ይሄዳል መሰለኝ። ወዲያው ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አያለሁ።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ይሄን ለማንም እንዳትናገሪ። ክፉ ሴት መስዬ እንዳልታይ" አለችኝ።

ሁለተኛው የመድኃኒት መጋዘን ነበር። ስለሱ ብዙ የሚባል የለም። ካርዱን አውጥታችሁ በምትኩ ጠርሙስና ካርቶን ደርድሩበት፤ ያው የኛ ክፍል ነው። ሁለተኛው ቀን ሳያልቅ እያንዳንዱ ካርቶን የት እንዳለ ታውቅ ነበር። ጭረቱም ሃያ፣ ሃያ ሁለት፤ አይከፋም አይለማም።

ሦስተኛው ከግቢው ግርጌ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ያለው ወርክሾፕ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ገና ሳትገቡ የማጣበቂያ ሽታ ይቀበላችኋል። ሰው ሠራሽ እግርና የጀርባ ድጋፍ የሚሠራበት ነው። ግድግዳው ላይ ያለቀላቸውና ያላለቀላቸው እግሮች ተሰቅለዋል፤ አንዳንዱ ጫማ አድርጓል። እዚያ ብቻውን የሚሠራው ባለሙያ ከስልሳ አያንስም። ቅንድቡ ሳይቀር ሁልጊዜ በጄሶ ዱቄት ነጭ ስለሆነ ሆስፒታሉ በሙሉ "ጄሶ" ነው የሚለው። ሰላምታ አያበዛም። መዝገብ በሩ ላይ ቆማ "ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ከካርድ ክፍል ነው የመጣሁት" ስትለው፣ "እጅሽን ታጠቢና ይሄን ያዢ" አላት።

የያዘችው የአንድ ሰው ጉልበት ነበር። ሰውየው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። ባለሙያው ውሃ ውስጥ የተነከረ የጄሶ ፋሻ የቀረው እግር ላይ ይጠመጥማል፤ ሲደርቅ ሳይበላሽ ይወጣና የእግሩ ልክ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ እግር የሚሠራው በዚያ ልክ ነው። ጠመጠመና "እስኪጠነክር ጠብቂ፤ ከዚያ በቀስታ ሳቢው" ብሏት ወደ ማሽኑ ዞረ። መዝገብ ነካ ነካ አደረገችው። የጠነከረ መሰላት። ሳበችው። እጇ ላይ እንደ እርጥብ ካርቶን እጥፍ አለ።

"ከንጋት ጀምሮ የተጓዝኩት ለዚህ ነው?" ብሎ ጮኸ ሹፌሩ። "ማን ነች ይቺ? ተማሪ ናት? እኔ መማሪያ ነኝ?"

"ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር" አለችኝ በኋላ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ካርድ እንኳ ሳይጠፋባት ሳይበላሽባት የኖረች ሴት ናት። ስህተት የሚባለው ነገር የሌላ ሰው ዕቃ ነው የሚመስላት። ጄሶ መጥቶ የተጨራመተውን አየና፣ "አፈረስሽው" አለ። ቀጥሎ፣ "ውሃ አምጪ።" አለቀ።  እንደገና ጠመጠሙ።

ምሳ ሰዓት ሲሆን ሁልጊዜ በምንቀመጥበት ከዛፉ ሥር ጠበቅኳት። ቀረች። ተናዳ ወደ ቤቷ ሄዳ ይሆናል ብዬ ወርክሾፑ ድረስ ወረድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ጄሶ ሳህኑን አስቀምጦ እየበላ ነው። መዝገብ ግን ሽርጥ ታጥቃ፣ ከልኩ የወጣ ነጭ የጄሶ እግር በሁለት ጉልበቶቿ መሀል አጥብቃ ይዛ፣ በሞረድ ትሞርዳለች። ሞረድ ታደርግና በአውራ ጣቷ ትዳብሰዋለች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታየዋለች፤ ደግሞ ሞረድ። ምላሷ ከከንፈሯ ጥግ ብቅ ብሏል። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

"ምሳ አትበዪም እንዴ?" አልኳት።

"የምን ምሳ?" አለችኝ።

ሦስቱ ቀን አልቆ ደብተሩን ለአማካሪዋ ስትመልስ የወርክሾፑ ገጽ ባዶ ነበር። አንድ ጭረት የለበትም። መዝገብ የታዘዘችውን ሳትሠራ እንደቀረች ተማሪ አንገቷን ደፋች። "ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ፣ የዚህን ዘነጋሁት። እጄም ጄሶ ነበር።"

አማካሪዋ መነጽሯን አወለቀች። "ይሄ ራሱ መልስ ሊሆን ይችላል።"

"ሊሆን ይችላል ማለት ምንድን ነው? ነው ወይስ አይደለም?"

"አላውቅም እትዬ" አለች ልጅቷ በሐቅ። "ወረቀቱ የሚለው አንድ ነገር ነው፣ ደብተሩ የሚለው ሌላ ነው፣ አለቆችዎ የሚሉት ደግሞ ሌላ ነው።"

አለቆቿ የሚሉት የታወቀ ነበር። ኃላፊው የመረጃ መስጫውን በኃላፊነት እንድትይዝ ወስኖ ደብዳቤው ተዘጋጅቷል። የቀረው ዓርብ እስከ ቀትር የራሷን ምርጫ ጽፋ ማስገባቷ ብቻ ነው። መዝገብ ያን ሳምንት ከሳች። ካርዶቹን በጆንያ እየሞላን ስናስጭን፣ አንዱን ካርድ አንስታ ታያለች፣ ትተወዋለች፣ ሌላ ታነሳለች።

"አንቺ፣ እስኪ ንገሪኝ" አለችኝ። "የሚያስመሰግነኝ አይጥመኝም። የሚጥመኝ ደግሞ ያሰድበኛል። የኔ የትኛው ነው?"

"ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው" አልኳት፤ ሌላ የምለው ስላጣሁ።

"አንዱን ብቻ ነው ትከዪ ያሉኝ" አለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ራሷ እንደነገረችኝ፣ ወደ ባሏ ፀጉር ማስተካከያ ሱቅ ሄደች። አንድ ደንበኛ ግማሽ ፊቱ አረፋ ተቀብቶ ተቀምጧል። ሌላኛው ወንበር ባዶ ስለነበር እሱ ላይ ቁጭ አለች፤ በሃያ ዓመት ትዳር እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። ባሏ ምላጩን እንደያዘ በመስታወቱ ውስጥ አያት።

"አንተ ይሄን ሥራ ትወደዋለህ?" አለችው።

"ምን ሆነሻል?"

"ንገረኝ ብዬሃለሁ።"

"ምን መውደድ አለው? አባቴ ሲታመም መቀሱን ሰጠኝ፣ ያዝኩት። ይኸው እንደያዝኩት አለሁ።"

"ባይሰጥህ ኖሮስ? ምን ትወድ ነበር?"

 ያ አፉ የማያርፍ ሰው ዝም ሲል ደንበኛው እንኳ ግራ ገብቶት፣ በአረፋው ውስጥ ሆኖ፣ "ንገራት እንጂ፣ እኛም እንስማ" አለው።

"ሬዲዮ" አለ ባልየው በመጨረሻ። "ልጅ ሆኜ የጎረቤት ሬዲዮ እፈታ ነበር። ውስጡን ማየት ነበር የምወደው።" ምላጩን በፎጣው ጠረገ። "እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም።"

"እኔም አልጠየቅኩህም" አለች መዝገብ።

"አንቺንም እኮ ማንም አልጠየቀሽም። እኛ መለስንልሽ እንጂ።" ምላጩን እንደገና አነሳና፣ "ስሚ፣ ጄሶውን ያዢ ማለቴ አይደለም። አትያዢውም ማለቴ አይደለም" አላት።

"ታዲያ ምን ማለትህ ነው?"

"ግራ ገብቶኛል ማለቴ ነው።"

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ መዝገብ "መረጃ መስጫ" ብላ ጽፋ፣ ፈርማ፣ ለኃላፊው ጸሐፊ ሰጠች። አብሬያት ነበርኩ። ከደረጃው ስንወርድ "ተገላገልኩ" አለች። ግቢው መሀል ስንደርስ ቆመች። አንድ ነገር የረሳች ይመስል ኪሶቿን ዳበሰች። ከዚያ ምንም ሳትለኝ ዞራ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። ተከትያት ስገባ ኃላፊው ጠረጴዛ ፊት ቆማ "ወረቀቴን መልሱልኝ፤ ወርክሾፑ ይሁንልኝ" ትላለች።

"መረጃ መስጫው ላይ ወንበር አለ" አላት ኃላፊው። "ሰው ያመሰግንሻል። ኃላፊ ትሆኛለሽ። ወርክሾፑ ግን አቧራ ነው፤ ረዳት ነው የምትሆኚው፤ ያውም ሦስት ወር በሙከራ። ለምንድን ነው?"

"አላውቅም ጌታዬ።"

"ምክንያት መጻፍ አለብኝ እኮ!"

"እንግዲያው አታውቅም ብለው ይጻፉ።"

 ኃላፊው ብዕሩን አነሳና ምክንያት ከሚለው ትይዩ "በራሷ ፍላጎት" ብሎ ጻፈ። መዝገብ አንገቷን አስግጋ አነበበችው። ሁለት ጊዜ ሳታነበው አልቀረችም።

ነገሩ ከዚያ ወዲህ ሰተት ብሎ የሄደ እንዳይመስላችሁ። ሦስቱ ወር መከራ ነበር። ጄሶው የጣቶቿን ቆዳ ሰነጣጠቀው። አንዴ ማሰሪያ አሳጥራ ቆርጣ ሙሉ ቆዳ አበላሸች፤ ጄሶ ያጠረውን ማሰሪያ ፊት ለፊቷ ሚስማር ላይ አንጠለጠለው እንጂ አንድ ቃል አልተናገራትም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። አንድ ቀን ልብስ ማጠቢያው ውስጥ፣ እንዲደርቁ በተሰጡት አንሶላዎች መሀል ስታለቅስ አገኘኋት። "አርባ አራት ዓመቴ ነው" አለችኝ። "በዚህ ዕድሜዬ ምን አግኝቶኝ ነው?" 

የዚያኑ ዕለት ወደ ዋናው በር ሄደች። መረጃ መስጫው ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። መዝገብ ከሰልፉ ኋላ እንደ በሽተኛ ቆመች። ሴትዮዋ አንድ ሽማግሌ ሦስተኛ ፎቅ ውጡ ስትላቸው ሰማች፤ የሚፈልጉት ክፍል ግን ምድር ቤት ነው። ተከትላ እጃቸውን ይዛ አደረሰቻቸው። ተመልሳ ግን ሰልፉ ውስጥ አልገባችም። በቀጥታ ወደ ግርጌ ወረደች። ያን ቀን ምን አስባ እንደሄደች፣ ምን አስባ እንደተመለሰች ጠይቄያት "እኔስ መች ገባኝ" አለችኝ።

ሙከራው ሲያልቅ ጄሶ ስለ እሷ ግምገማ እንዲጽፍ ተጠየቀ። አንድ ገጽ ሙሉ ባዶ መስመር ተሰጥቶት አንድ መስመር ጻፈ፦ "ትችላለች፤ ትዘገያለች።" በዚያ ተቀጠረች።

አሁን ሁለት ዓመት አልፏታል። ከሁሉ የላቀች ባለሙያ ሆነች ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ይሆንብኛል። ጄሶን ስጠይቀው "መካከለኛ ናት" ነው ያለኝ። መረጃ መስጫው ላይ ሰልፉ እንደገና ተደራርቧል፤ ሠራተኛው ሁሉ "ምነው መዝገብ እዚህ በነበረች" ይላል፤ ኃላፊው በኮሪደር ሲያገኛት ራሱን ይነቀንቃል። አማካሪዋ አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ መጥታ ወርክሾፑን ጎብኝታ ነበር፤ በደብተሯ ምን እንደጻፈች አላውቅም፤ ስትወጣ መነጽሯን ስትገፋ ብቻ ነው ያየኋት።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልናገር። ጭስ ማውጫ የሚያህል ዓምድ ያለኝ ሴት ነኝ። ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጬ ሥራዬን በደንብ እሠራለሁ፤ ማንም ወቅሶኝ አያውቅም። በቀደም ዕለት ለምን እንደሆነ እንጃ ወረቀት አወጣሁና ሰዓት ባየሁ ቁጥር መጫር ጀመርኩ። ምሳ ሳይደርስ ስልሳ ላይ ስደርስ ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት። ቅጹን የሞላሁት እኔ ራሴ ነበርኩ። ማንም አልረዳኝም። ታዲያ ማን ሆኜ ነው የሞላሁት?

ይህን ለመዝገብ ልነግራት ትናንት ወረድኩ። ከልብስ ማጠቢያው ግድግዳ ሥር ፀሐይ እየሞቅን ቆምን። ሽርጧን አልፈታችም፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ነጭ ነው። ነገርኳት። ሳትስቅ ሰማችኝ።

"አንቺስ?" አልኳት ከዚያ። "አሁን አወቅሽው? ይሄ ነው የኔ ትያለሽ?"

"እውነቱን ልንገርሽ?" አለች። "አንዳንድ ጠዋት ያን በር ስከፍት፣ ምን ዓይነት ጅል ብሆን ነው እዚህ የመጣሁት እላለሁ። ደግሞ ሌላ ቀን..."

አልጨረሰችውም። ከፊታችን ባለው መንገድ አንድ ሰው እያነከሰ ወደ ግቢው በር ያልፍ ነበር። እኔ ልብ አላልኩትም። መዝገብ ግን ጆሮዋን ቀስራ አንገቷን ዘንበል አደረገች።

"ደግሞ ሌላ ቀን ምን?" አልኳት።

"ቆይ" አለችኝ። "ስሚ። ግራ እግሩ ይረዝማል። ወገቡን ይጎዳዋል እኮ።" እጇን በሽርጧ እያበሰች፣ "ወንድሜ! ወንድሜ፣ አንዴ ቁም!" እያለች ከኋላው ሮጠች።

እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ ትንሽ ጠበቅኳት። ሰውየውን ይዛ ወደ ወርክሾፑ ስትገባ አየሁና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።